ጠባያችንና በእጃችን የያዝነው ስልክ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ምክንያት፣ በፔዳ አዳራሽ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች በሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር





የበዓል ቀን የምስጋና ቀን ነው። ትምህርት ቤታችን ያፈራቸውን ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና መምህራን እየቈጠሩ መደሰት ተገቢ ስለሆነ፣ ይህንን ከእኛ በፊት የተናገሩት በሚገባ ፈጽመውታል። እኛ ግን የተሰጠንን ጥቂት ጊዜ፣ ቀን በኪሳችን ይዘነው ስለምንዞረው፣ ሌሊት ከትራሳችን ሥር ስለምናሳድረው ነገር ልንናገርበት ወደድን። ይኸውም ስልክ ነው። ይሁን እንጂ ዋናው ጉዳያችን ስልኩን የያዘው ሰው፣ ይልቁንም የሰውየው ጠባይ መሆኑን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ስለ ስልክ ጉዳት ብዙ ተነግሮናል። በቤት አባት ይቈጣል፣ እናት ትመክራለች፤ ጠዋት በሰልፍ ላይ መምህር ያስጠነቅቃል። የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነው፤ «ስልክ ወጣቱን አበላሸው» ይባላል። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በአንድ ክፍል የምንቀመጥ፣ አንድ ዓይነት ስልክ የያዝን፣ በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ የተሰበሰብን ተማሪዎች ሁላችንም በአንድ መንገድ በተበላሸን ነበር። የምናየው ግን ሌላ ነው። አንዱ የታክሲና የምሳ ገንዘቡን በውርርድ ይጨርሳል፤ ሌላዋ ፊቱን አይታው የማታውቀው ሰው በሚልክላት ጣፋጭ ቃል ትታለላለች፤ ሦስተኛው በንዴት በጻፈው አንድ መሥመር ከአብሮ አደጉ ይጣላል፤ አራተኛዋ በዚያው ስልክ የሒሳብ ትምህርት ተከታትላ በፈተና ትበልጠናለች። ዝናሙ አንድ ሆኖ ሳለ ቡቃያው ከተለያየ፣ ስለ ዝናሙ ብቻ ማውራት አይበቃም፤ መሬቱንም መመርመር ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ የምንጠይቀው፣ የትኛው ጠባይ ወደ የትኛው የስልክ አደጋ ይመራል? ይህንን ያወቀ ወጣት፣ ወላጅና መምህርስ ምን ሊያደርግ ይችላል? የሚለውን ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንለይ። ጠባይ ስንል ጨዋነትንና ብልግናን ብቻ ማለታችን አይደለም። ሰው በብዙ ጊዜና በብዙ ቦታ ደጋግሞ የሚያሳየውን የአስተሳሰብ፣ የስሜትና የአደራረግ ዝንባሌ ማለታችን ነው። አማርኛችን በዚህ ረገድ ባለጠጋ ነው። ችኩል፣ ረጋ ያለ፣ ደፋር፣ ድንጉጥ፣ ሆደ ባሻ፣ ተጫዋች፣ ዝምተኛ፣ ይሉኝታ የሚያጠቃው እያልን ሰውን በአንድ ቃል እንሥለዋለን። የሥነ ልቡና ሊቃውንትም በበኩላቸው የሰውን ጠባይ በአምስት ታላላቅ ክፍሎች መድበው ያጠናሉ። እነዚህም ጥንቁቅነትና ትጋት፣ ከሰው ጋር ተግባቢነት፣ ለሰው ማዘንና መስማማት፣ ቶሎ የመጨነቅና የመከፋት ዝንባሌ፣ እንዲሁም አዲስ ነገር ለማወቅ መጓጓት ናቸው። ሰው ሁሉ ከአምስቱም አለው፤ የሚለያየው በመጠኑ ነው፤ ወጥ ሁሉ ጨውና በርበሬ እያለው ጣዕሙ ከቤት ቤት እንደሚለያይ ማለት ነው።

ከእነዚህም ሌላ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ልብን የሚያዘልል አዲስና አደገኛ ነገር የመፈለግ ጠባይ ነው፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ማርቪን ዙከርማን ይህንን የሚለካበትን መጠይቅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 ከባልደረቦቹ ጋር አሳትሟል። እኛ ጀብዱ ፈላጊነት እንለዋለን። ሁለተኛው አባቶቻችን በግብረ ገብ ትምህርት ራስን መግዛት ሲሉት የኖሩት ነው፤ ይኸውም አሁን ያማረንን ለነገ ጥቅም ብሎ የማቈየት ችሎታ ነው።

የወጣትነት ዕድሜ በራሱ ምን እንደሚጨምር ደግሞ እንመልከት። ደስታንና ሽልማትን የሚፈልገው የአንጎል ክፍል በጉርምስና ጊዜ እጅግ ይነቃል፤ የሚያመዛዝነውና «ቈይ!» የሚለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይሄዳል። ፈረሱ ቀድሞ ጐልብቶ ልጓሙ ገና በመሠራት ላይ ነው ማለት ነው። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አጥኚዎች እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2005 ባወጡት ጥናት፣ 306 ሰዎችን በሦስት የዕድሜ ክፍል መድበው በኮምፒዩተር የመኪና መንዳት ጨዋታ አጫወቱ። የትራፊኩ መብራት ቢጫ ሲሆን መቆም ወይስ ማለፍ? ጥያቄው ይህ ነበር። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ብቻቸውን ሲጫወቱ ከትልልቆቹ እምብዛም አልተለዩም። እኩዮቻቸው አጠገባቸው ቆመው ሲመለከቷቸው ግን በግልጽ ወደ አደጋው አዘነበሉ። ከ24 ዓመት በላይ የሆኑት ላይ የጓደኛ መኖር ያን ያህል ለውጥ አላመጣም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያ ጥናት የተደረገው ጓደኛ በአካል ሲቆም ነው። ዛሬ ግን ስልክ በኪሱ ያለ ወጣት ከጓደኞቹ ዓይን የሚሰወርበት ሰዓት የለውም። በመኝታውም በመጸዳጃ ቤትም ግሩፑ ይከተለዋል። ወደድኩ፣ ሳቅኩ፣ አየሁ የሚሉት ምልክቶች ሁሉ የተመልካች ጭብጨባ ናቸው።

በአውሮፓም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2010 ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 16 የሆኑ ከ25 ሺህ በላይ ልጆች በ25 አገሮች ተጠይቀው ነበር። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ለእኛም ይበጃል። ጀብዱ ፈላጊ የሆኑ ልጆች በኢንተርኔት ብዙ አደጋ ያጋጥማቸዋል፤ ይሁን እንጂ አደጋ ያጋጠመው ሁሉ አይጐዳም። አስቀድሞ ልቡ የተጨነቀና የተከፋ ልጅ ግን አደጋው ሲደርስበት ይበልጥ ይጐዳል። አንዱ ጠባይ ወደ ገደሉ አፋፍ ያደርሳል፤ ሌላው አወዳደቁን ያከብደዋል እንደ ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ2016 ዓ.ም. ከዓርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ መጋቢት 7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ባንኩ በኮምፒዩተር ሥርዓቱ ላይ ካደረገው ማሻሻያ ጋር በተያያዘ ጉድለት የተነሣ፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል በስልክ ተዳረሰ፤ በግቢ ውስጥ ባሉ የኤቲኤም ማሽኖች ፊት በሌሊት ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው፣ ያለ አግባብ የወጣውና የተዛወረው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ይደርስ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። ባንኩም የመለሰ ሰው እንደማይከሰስ ካስታወቀ በኋላ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በአደባባይ አወጣ።

እነዚያ ወጣቶች ሌብነትን ሙያ ያደረጉ አልነበሩም። ብዙዎቹ ወላጅ እህል ሸጦ፣ ዘመድ አዋጥቶ ያስተማራቸው፣ ከእኛ ሁለትና ሦስት ዓመት ብቻ የሚቀድሙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነበሩ። ታዲያ ምን አስነሣቸው? እንደ እኛ አስተያየት የዚያ ሌሊት መልእክት ሦስት ጠባዮችን በአንድ ጊዜ ጠራ። «ሳይዘጋ ድረሱ» የሚለው ችኩሉን ጠራው። «እስኪ ይሞከር» የሚለው ጀብዱ ፈላጊውን ጠራው። «ሁሉም እያወጣ ነው» የሚለው ደግሞ ከጓደኛ መለየት የማይሆንለትን ጠራው። በዚያው ሌሊት ያንኑ መልእክት አይተው የተኙም ነበሩ። መልእክቱ አንድ፣ ማሽኑ አንድ፤ ሰዎቹ ግን የተለያዩ ነበሩ። በማግስቱ ገንዘቡ ሊመለስ ቻለ፤ በአደባባይ የወጣ ስምና ፎቶግራፍ ግን የሚመለስ አይደለም።

እንግዲህ የየጠባዩን አደጋ በተራ እንመልከት። ስንናገር እያንዳንዳችን ራሳችንን እንፈልግ እንጂ ጎረቤታችንን በክርናችን አንጎሽም።

አንደኛው ችኩሉ ነው። ችኩል ሰው ከማንበቡ በፊት ይነካል፣ ከማሰቡ በፊት ይልካል። «ሽልማት ደርሶሃል» የሚል ሊንክ ሲመጣለት ይከፍታል፤ «ከቴሌብር ነው የምንደውለው፤ የሚስጥር ቁጥርህን ንገረን» ሲሉት ይናገራል፤ ያልተጣራ ወሬ ሲደርሰው ለአሥር ግሩፕ ያከፋፍላል፤ ሲናደድም ይሳደባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በስልክ የፈሰሰ ግን አይለቀምም። ጽሑፉን ከአንድ ደቂቃ በኋላ ብናጠፋው ስክሪን ሹቱ ከሰው እጅ ይቀራል። ይሁን እንጂ ችኩል ሰው ብዙ ጊዜ ቂም የማያውቅ፣ ለሥራ ሲጠሩት መጀመሪያ የሚነሣ ነው። ይህ መልካም ጎኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሁለተኛው ጀብዱ ፈላጊው ነው። ይህ ተማሪ በኳስ ሜዳ ግብ ጠባቂ፣ በክርክር መድረክ የመጀመሪያው ተናጋሪ ነው። በስልክ ግን ወጥመዱ ውርርድ ነው። ድሮ ቤቲንግ ቤት ገብቶ ይታይ የነበረው ወጣት አሁን በመኝታው ሆኖ በስልኩ ይወራረዳል፤ ማንም አያየውም። እስኪ አንድ ጊዜ በሒሳብ እንየው። አንድ ተማሪ የ10 ጨዋታዎችን ውጤት በአንድ ትኬት ቢገምትና እያንዳንዱን የማግኘት ዕድሉ እኩል በእኩል ቢሆን፣ አሥሩንም የማግኘት ዕድሉ ከ1,024 አንድ ብቻ ነው። የእግር ኳስ ጨዋታ ደግሞ አቻም ስለሚጨመርበት ከዚህም ያንሳል። ታዲያ ለምን ይቀጥላል? ዘጠኙን አግኝቶ በአንዱ ሲቀር «ተሸነፍኩ» አይልም፤ «ለጥቂት አመለጠኝ» ይላል። ለጥቂት አመለጠኝ የሚለው ስሜት ለጀብዱ ፈላጊ ልብ ከማሸነፍ የማይተናነስ ጉልበት አለው። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማትም በየቀኑ ከሚገኝ ሽልማት ይልቅ ሰውን አጥብቆ ያስራል። ገንዘቡ ሲያልቅ ከጓደኛ ብድር፣ ከዚያም ከእናት መቀነት ይመጣል።

ሦስተኛው ሆደ ባሻውና ብቸኛው ነው። ይህ ጠባይ ያለው ልጅ የሰው ስሜት ይገባዋል፤ መልካም ጸሐፊና ታማኝ ጓደኛ ይሆናል። ነገር ግን በቤት ሲቈጡት፣ በክፍል ሲስቁበት ወደ ስልኩ ይሸሻል። እዚያም የማያውቀው ሰው «አንቺን የሚረዳሽ የለም፤ እኔ ግን እረዳሻለሁ» ብሎ ይጠብቃል። የእነዚህ ሰዎች መንገድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ ሙገሳ፣ ቀጥሎ «በመካከላችን ይቅር» የሚል ምስጢር፣ ቀጥሎ ፎቶግራፍ መጠየቅ፣ በመጨረሻም «ገንዘብ ካልላክሽ ለቤተሰብሽ እበትነዋለሁ» የሚል ማስፈራራት ነው። ወንዶች ልጆችም በዚሁ ወጥመድ ይወድቃሉ፤ ከሴቶቹ የሚለዩት በኀፍረት የተነሣ ዝም በማለት ነው። በዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ለሚያስፈራራ ሰው ገንዘብ መላክ ነገሩን አይዘጋውም፤ የሚከፍል መሆኑን ስላወቀ ዳግመኛ ይጠይቃል። መልእክቱን ሳያጠፉ አስቀምጦ፣ መልስ መስጠት አቁሞ፣ ለሚታመን ትልቅ ሰው በዚያው ቀን መንገር ይሻላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በኮምፒዩተር ሰውን ማስፈራራትንም ማታለልንም በወንጀል ያስቀጣል። ጥፋተኛው አስፈራሪው ነው እንጂ የተፈራራው ልጅ አይደለም።

አራተኛው ይሉኝታ የሚያጠቃው፣ ከሁሉ ጋር የሚስማማው ነው። መምህራን ይወዱታል፣ ወላጆችም «ምስጉን ልጅ» ይሉታል። ስለሆነም አደጋው ለማንም አይታይም። ጓደኛው የይለፍ ቃሉን ሲጠይቀው እንቢ ማለት ያፍራል። «በአንተ ስም ገንዘብ ይግባልኝ» ሲባል ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቅ ይቀበላል። በግሩፕ ውስጥ አንዲት ተማሪ ስትሰደብ እርሱ አይሳደብም፤ ከሌሎቹ ላለመለየት ግን የሳቅ ምልክት ያኖራል። ለእርሷ ያ ምልክት አንድ ተጨማሪ ድንጋይ ነው። ደግሞም በስልክ የሰውን ዓይን ስለማናይ፣ ፊት ለፊት ልንናገረው የምናፍረውን በቀላሉ እንጽፈዋለን፤ ዘርንና ሃይማኖትን የሚነካ ስድብም በዚሁ መንገድ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰት መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 በ2012 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ «ጓደኛዬ ስለላከልኝ አሳለፍኩት» ማለት ይሉኝታ እንጂ መከላከያ አይደለም።

አምስተኛው ብዙዎቻችሁን ሊያስደንቅ ይችላል፤ ትጉሁና ጭንቀታሙ ተማሪ ነው። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ወር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛ ጥያቄ በፌስቡክ ላይ በመውጣቱ ፈተናው ተሰርዞ፣ ከ250 ሺህ በላይ ተማሪዎች በሰኔ ወር መጨረሻ እንደገና እንዲፈተኑ ተደርጎ ነበር። ከዚያም በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ተፈታኞች ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ፣ ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። ይህ ቁጥር በየቤቱ የገባውን ፍርሃት ሁላችንም እናውቀዋለን። ፍርሃት ባለበት ደግሞ ነጋዴ አይጠፋም። ፈተና ሲቃረብ «መልሱ በእጃችን ነው» የሚሉ የቴሌግራም ቻናሎች ይከፈታሉ፤ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ይጠፋሉ። ሰነፉ ተማሪ እንዲህ ላለው ነገር ብዙ አይጨነቅም። ሌሊት እያነበበ «ያነበብኩት ባይወጣስ?» የሚለው ትጉህ ግን የደብተር መግዣውን ይልካል። ጥንቁቅነት ከብዙ አደጋ የሚጠብቅ ጠባይ ነው፤ ጭንቀት ሲጨመርበት ግን እርሱም በራሱ በር በኩል ይሸነፋል።

ውድ ጓደኞቻችን፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዳንዶቻችሁ «እንግዲያው ችኩል ሆኜ ከተፈጠርኩ ምን ላደርግ?» ትሉ ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን ከሩቅ አገር የመጣ መረጃ አለን። በኒውዚላንድ በደኒደን ከተማ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1972 እና በ1973 የተወለዱ ከ1 ሺህ በላይ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እስከ ጉልምስናቸው ድረስ ሲጠኑ ኖሩ። በልጅነታቸው ራሳቸውን መግዛት የሚያቅታቸው፣ በአማካይ ሲታይ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው በጤና፣ በገንዘብና በሕግ ረገድ ይበልጥ ተቸገሩ። ሆኖም አጥኚዎቹ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2011 ሁለት ተስፋ የሚሰጡ ነገሮችን ጽፈዋል። አንደኛ፣ እያደጉ ሲሄዱ ራስን መግዛት የተሻሻለላቸው ልጆች ከተጠበቀው የተሻለ ኑሮ ኖሩ። ሁለተኛ፣ ከጉዳቱ ከፊሉ የመጣው በጉርምስና ጊዜ ከገቡባቸው ጥቂት ወጥመዶች ነበር፤ በልጅነት ማጨስ፣ ትምህርት ማቋረጥና ሳያስቡት ወላጅ መሆን የመሰሉ ናቸው። ጠባዩ ሳይለወጥ እንኳ ከወጥመዱ የተረፈ ልጅ ከጉዳቱ ብዙ ይተርፋል ማለት ነው። በስልክም ነገሩ ይህን ይመስላል። በአንድ ቀን ጠባያችንን መለወጥ አንችልም፤ የማይመለሱትን ጥቂት ነገሮች ግን መዝጋት እንችላለን። እነርሱም የተላከ ፎቶግራፍ፣ የተነገረ የሚስጥር ቁጥር፣ በውርርድ የተበደሩት ገንዘብና በአደባባይ የተጻፈ ስድብ ናቸው።

በጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ሐይቁን አይራገምም። ጠዋት ጸጥ ያለው ውኃ ከሰዓት በኋላ በነፋስ እንደሚናወጥ፣ ታንኳውም ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ያውቃል፤ በዚያው ልክ ይወጣል፣ በዚያው ልክ ይመለሳል። እኛም የራሳችንን ታንኳ ማወቅ አለብን። ስለዚህ ለየጠባያችን የሚሆን አንዳንድ ልማድ እንድንይዝ እንመክራለን። ችኩል የሆነ፣ ተናዶ የጻፈውን ሁሉ ሳይልክ አሳድሮ ጠዋት እንዲያነበው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣለትም ለአንድ ሌላ ሰው ሳያሳይ እንዳይመልስ። ጀብዱ ፈላጊው ለልቡ የሚበቃ እውነተኛ ጀብዱ እንዲፈልግ፤ የትምህርት ቤታችን የኳስ ቡድን፣ የድራማ ክበብና የሳይንስ ሥራዎች ትርኢት ደፋር ሰው ይፈልጋሉ። ሆደ ባሻው መከራ ሳይመጣ በፊት «ክፉ ቀን ቢመጣ የምነግረው ለማን ነው?» ብሎ አንድ ሰው በስም እንዲመርጥ፤ በችግር ሰዓት መምረጥ ይከብዳልና። ይሉኝታ የሚያጠቃው አንዲት ዓረፍተ ነገር አጥንቶ እንዲይዝ፤ «የይለፍ ቃሌን ለማንም አልሰጥም፤ ለወንድሜም አልሰጠሁም፤ አትቀየመኝ» ብትሉ ጓደኛ የሆነ አይቀየምም። ጭንቀታሙም ሌሊት ብቻውን ቻናል ከሚያስስ፣ ከሦስትና ከአራት ጓደኞቹ ጋር የቀድሞ ፈተናዎችን ይሥራ።

ክቡራን ወላጆች፣ አሁን ወደ እናንተ እንመለሳለን። ብዙዎቻችሁ «እኛ ስለ ስልክ ምን እናውቃለን፤ ልጆቹ ይበልጡናል» ስትሉ እንሰማለን። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ስልኩን ባታውቁት፣ የነገሩን ግማሽ ታውቃላችሁ፤ ይኸውም ልጃችሁን ነው። የትኛው ልጃችሁ በእንቁጣጣሽ የተሰጠውን ሳንቲም ዕለቱን እንደሚጨርስ፣ የትኛዋ ሲቈጧት ለሁለት ቀን እንደማትናገር፣ የትኛው ጎረቤት የለመነውን ሁሉ እንደሚሰጥ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ሊቅ የለም። ያንን ዕውቀት ወደ ስልኩ አምጡት።

ስልክን መንጠቅ ብቻውን እንደማይበቃም በክልላችን አይተናል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሳለ፣ ወሬ በአፍ ሮጠ፤ ውርርድም በከረንቡላና በጆተኒ ቤት ቀጠለ። መሣሪያው ቢሄድ ዝንባሌው ከሰውየው ጋር ይቀራል። ይልቁንም ስልኩ የሚነጠቅበት ቤት ልጅ አደጋ ሲደርስበት መናገር ይፈራል። የሚያስፈራራውም ሰው የሚተማመነው በዚሁ ፍርሃት ነው። ስለዚህ ልጃችሁ አንድ ቀን እየተንቀጠቀጠ ቢመጣ፣ «አላልኩህም ነበር?» የሚለውን ቃል ለሌላ ቀን አቈዩልን። መጀመሪያ «እንኳን ነገርከኝ» በሉት። ቅጣት የሚያስፈልግ ቢሆን እንኳ ይደርሳል፤ ምስጢሩ የሚወጣበት ሰዓት ግን ካመለጠ ላይመለስ ይችላል።

የተሰበሰብንበት ግቢ ፔዳ መባሉ ቀድሞ በዚህ ከነበረው፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1972 ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ የመጣ ስም ነው፤ ይህም ተቋም በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ፔዳጎጂ የሚለው ቃል ከግሪክ ሲመጣ ልጅን መምራት ማለት ነው። በጥንቱ የግሪክ ዘመን በዚህ ስም የሚጠራው ሰው ልጁን ከቤት እስከ ትምህርት ቤት አብሮት እየሄደ የሚያደርስ ነበር። መንገዱን የሚሄደው ልጁ በራሱ እግር ነው፤ የሚመራው ግን ከአጠገቡ አይለይም። ወላጆችንም የምንለምነው ይህንኑ ነው።

ክቡራን መምህራን፣ ከእናንተም የምንለምነው አለን። ለሁላችን በአንድ ላይ የሚሰጠው የሰልፍ ምክር መልካም ነው፤ በክፍል ውስጥ ግን እንደየጠባያችን ብታነጋግሩን የበለጠ ይረዳናል። ይሁን እንጂ «አንተ ችኩል ነህ፣ አንቺ ሆደ ባሻ ነሽ» ተብሎ በሰው ፊት ስም እንዳይወጣልን አደራ እንላለን፤ በልጅነት የወጣ ስም ሰውየውን ይመስለዋልና፣ ልጁም ስሙን ለመምሰል ይደክማል። ሚኒ ሚዲያችንም በዕረፍት ሰዓት ከሙዚቃው ጋር፣ በየሳምንቱ አዲስ ስለ ተሰማ የማታለያ ዓይነት ለተማሪው እንዲያስታውቅ ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን።

በመጨረሻም፣ ይህ መጽሔት ከዓመታት በኋላ ከመደርደሪያ ወርዶ ሲነበብ፣ ዛሬ የጠራናቸው የስልክ መተግበሪያዎች ተረስተው፣ ሌሎች በቦታቸው ተተክተው ይሆናል። ችኩሉ፣ ጀብዱ ፈላጊው፣ ሆደ ባሻው፣ ይሉኝታ የሚያጠቃውና ጭንቀታሙ ግን ያን ጊዜም በእነዚሁ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ታናናሾቻችን ራሳቸውን ከእኛ ቀድመው እንዲያውቁ፣ የሚሰማቸው ወላጅና የሚያማክራቸው መምህር እንዳያጡ እየተመኘን፣ ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜን እንለምናለን።